ዘራፍ በአሮጌው መናኸሪያ

ሚኒያፖሊስ፣ ኅዳር። የእህቴ ልጅ ሁለት ትናንሽ ስፖንጅ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ጆሮህን በዚህ ወትፈው» አለችኝ። ለብርዱ መስሎኝ አመሰገንኳት። ለካ ለሙዚቃው ኖሯል።

የወሰደችኝ ፈርስት አቬኑ ከሚባለው ቤት ነው። በ1937 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የግሬይሀውንድ አውቶቡስ መናኸሪያ ሆኖ ተሠራ፤ ከ1970 ወዲህ የሚጫንበት ጊታርና ከበሮ ነው። ጥቁር ግድግዳው እዚያ የተጫወቱ ሙዚቀኞች ስም በተጻፈባቸው ኮከቦች ተሸፍኗል። የሙዚቀኛው የፕሪንስ ፊልም «ፐርፕል ሬይን» የመድረክ ትዕይንቶች የተቀረጹት እዚህ ነው። ያንን ፊልም በቪዲዮ ካሴት ስናይ ዳንቴሉንና ባለ ተረከዝ ጫማውን አይተን «ወንድ ነው ሴት?» እያልን ስንከራከር ማምሸታችን ትዝ አለኝ።

እኛ የገባነው ከጎኑ ወዳለችው ሰቨንዝ ስትሪት ኤንትሪ ነው፤ ብትይዝ 250 ሰው ነው። ምሽቱ የሄቪ ሜታል ነው። ጥቁር ካናቴራ፣ ብረት የተመታበት የቆዳ ጃኬት፣ ወገብ የደረሰ ጸጉር፣ ደረት የደረሰ ጢም። መጀመሪያ ፈራሁ። ቀጥሎ የመጡብኝ ግን አፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ ሹሩባቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ጸጉሩን የተሠራ ወንድ ታክሲ ውስጥ ስንት ነገር እንደሚወረወርበት አውቃለሁ። የጥንቱ ጀግና ጎፈሬውን ሲያበጥር፣ ለምዱን ሲደርብ ግን ማን ደፍሮ «ሴታሴት» ይለው ነበር!

ከመድረኩ ፊት ያሉት በትከሻ ይላተማሉ። ጠብ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሲወድቅ ሙዚቃው ሳይቆም አራት እጅ አነሳው፤ አንድ ግዙፍ ሰው ደግሞ የወለቀ ጫማ ከፍ አድርጎ ይዞ ባለቤቱን ይፈልጋል። ዘፈኑ ሲያልቅ ያው ግዙፍ ሰው ከእጅ አንጓው ላይ የጸጉር ላስቲክ አወለቀና የጓደኛውን ጸጉር ከኋላ ሰብስቦ አሰረለት፤ እናት ልጇን ትምህርት ቤት ስትልክ እንደምታደርገው፣ ቀስ ብሎ፣ ያመለጠውን በጣቱ እየለቀመ። ከዚያ ተመልሰው ተላተሙ።

የመጨረሻው ባንድ ድምጻዊት አጭር፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። አፏን ስትከፍት የወጣው ድምፅ ግን ከመቃብር በታች የመጣ ነው። ቃሉ አይለይም፤ ዘራፍ መሆኑ ብቻ ይገባል። አጠገቤ የቆመ ጎልማሳ እጁን ሰቅሎ የሆነ ነገር ጮኸ። ምን አለ ብላት «ያው ‹ወንዳታ› ማለቱ ነው» አለችኝ የእህቴ ልጅ።

«ሴት እኮ ናት።»

«እኛስ ወንዳታ የምንለው ለማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም፤ ደግነቱ ጊታሩ ተነሳ።

ስንወጣ ሴቶች እንዲህ መጮህ ዛሬ እንዳልጀመሩ ነገረችኝ። ቤብስ ኢን ቶይላንድ የተባለው የሦስት ሴቶች ባንድ በ1987 የተቋቋመው በዚችው ከተማ ነው። ሜታል አይባሉም፤ ይሁንና ድምጻዊቷ ካት ቢየላንድ የሕፃን የሚመስል ቀሚስ ለብሳ ጉሮሮዋ እስኪበጠስ ስትጮህ በቪዲዮ አሳይታኛለች። ቀሚሱና ጩኸቱ አብረው አይሄዱም። ሆን ብላ ነው።

በማግስቱ አንገቴ አልዞር አለ። ዝም ብዬ ቆሜ ነበር ስል ማን ይመነኝ። እንዲሁ ሆኜ ሴዳር ሪቨርሳይድ ወረድን፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ኤርትራዊው ከረጃጅም ፎቆች ሥር የሚተላለፍበት ሰፈር ነው። ጥጉ ላይ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዌስት ባንክ ግቢ ይጀምራል። ማታ ያየሁትን ነገር በቁም ነገር የመረመረው ሰውም የተማረው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሮበርት ዋልሰር በ1991 ዶክትሬቱን የሠራው በሄቪ ሜታል ላይ ነበር፤ በ1993 መጽሐፍ ሆነ። እዚያው ታስተምር የነበረችው ሱዛን ማክላሪም በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍ ክላሲካል ሙዚቃ ራሱ ስለ ወንድና ሴት ምን እንደሚል መርምራ የሙያ ባልደረቦቿን አስቆጥታለች።

ዋልሰር እንደሚለው የሜታል ወንድ አንዳንዴ ሴትን ጭራሽ አያነሳም፤ ዓለሙ የወንድ ብቻ ነው። አንዳንዴ እንደ አደጋ ይፈራታል፣ ይጠላታል። እንደ ቦን ጆቪ ያለው ባንድ ፍቅር ይዘፍንላታል። እንደ ፖይዝን ያለው ባንድ ደግሞ ኩልና ሊፕስቲክ ተቀብቶ ራሱ እሷን ይመስላል። እኔ ፉከራችንን አሰብኩ። እዚያ ውስጥ ሴት አለች? አለች፤ እልል ባይ ሆና፣ ወይም ፈሪ የሚሰደብባት ሆና። ስሟን ጠርቶ የሚፎክርላት ብዙ አልሰማሁም።

የቆዳ ጃኬቱም ታሪክ አለው። ያንን የብረትና የቆዳ ልብስ የሜታል መለያ ያደረገው የጁዳስ ፕሪስት ባንድ ድምጻዊ ሮብ ሃልፎርድ በ1998 የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን በቴሌቪዥን ተናግሯል። ማታ ጃኬቱ እዚያው ነበር፤ ማንም አላወለቀውም።

ቡና የጠጣንበት ቤት ሻሽ ያሰሩ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ የሰላሌ ሰው ናቸው። የእህቴን ልጅ ጥቁር የተቀባ ጥፍር አይተው «ምነው ልጄ?» አሏት። ስልኳን አውጥታ የማታውን አሳየቻቸው፤ ያ ሁሉ ጸጉር እንደ ጅራፍ ይሽከረከራል። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ወንዶች ናቸው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኛ ዘንድ ይሄ የልጃገረድ ጭፈራ ነው» አሉ። በአንድ እጃቸው ሻሻቸውን ያዙና አንገታቸውን አንዴ፣ ሁለቴ ወዘወዙት። የእኔው አንገት ቀጭ አለ። ስኒውን በሌላው እጃቸው እንደያዙ ነበር፤ ቡናው አልፈሰሰም።