የሸይኻችን ደርስ እና ግራጫው ምስል



ሸይኻችን ለዓመታት ሲያስቀሩን የኖሩትን ኪታብ ያኸተሙ ቀን መስጂዱ ጢም ብሎ ነበር። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ከዚያ ወዲህም በሕመም ምክንያት ደርስ አልተቀመጡም። ያንን ቀን የቀረጽነው አንድ ወንድም ባዋሰን ብላክማጂክ ፖኬት ሲኒማ ካሜራ እና በአንዳችን ሞባይል ነው። ሌላ ቅጂ የለም።

ቀድሞ ቪዲዮ የምንቆርጠው ሰፈር ውስጥ በፍላሽ ባስጫንነው ክራክ ፕሮግራም ነበር። ከእሱ ጋር የገባው ቫይረስ የሁለት ዓመት የጁሙዓ ኹጥባ ፋይሎቻችንን ቆለፈብን። ለሸይኻችን ስንነግራቸው ስለ ቫይረሱ አልጠየቁንም። «ባለቤቱ ፈቅዶላችሁ ነበር ወይ?» ብቻ አሉን። ዝም አልን። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን እንደወሰነ መድረሳ የተቀመጥን ሰዎች አናውቅም ማለት አንችልም። እያወቅን ነው ያደረግነው።

ስለዚህ ዊንዶውሱን አጥፍተን ሊኑክስ ጫንን። ሊኑስ ቶርቫልድስ በተማሪነቱ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ይህ ሥራ ፈቃዱ ግልጽ ነው፦ ተጠቀም፣ ቅዳ፣ ለሌላው አካፍል። የሸይኻችን ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አገኘ። ችግሩ ግን ያኔ ጀመረ።

የካሜራው ጥሬ ፋይል፣ ብላክማጂክ ሮው የሚባለው፣ በ12 ለ 1 መጠን ቢቀዳ እንኳ የ4ኬ ምስል በሰዓት ወደ 100 ጊጋባይት ይበላል። ኬደንላይቭ የተባለው ክፍት ምንጭ ማቀናበሪያ የሞባይሉን ፋይል ወዲያው ከፈተልን፤ ጥሬውን ግን አላወቀውም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፦ የካሜራውን ከፈተ፣ የሞባይሉን ግን ምስልም ድምፅም ነፈገን። (ሪዞልቭ ክፍት ምንጭ አይደለም፤ ነጻውን ቅጂ የሚሰጠው ኩባንያው ራሱ ስለሆነ ግን ፈቃድ አለን።) ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎን ሁለት ሌሊት ደከምን። ለካ ነጻው ቅጂ ሊኑክስ ላይ ሞባይል የሚቀዳበትን ኤች 264 አይከፍትም፤ ኤኤሲ ድምፅም አይቀበልም።

መውጫው ኤፍኤፍኤምፔግ ነበር። የሞባይሉን ምስል ወደ ዲኤንኤክስኤችአር፣ ድምፁን ወደ ፒሲኤም ቀየርንበት። ከዒሻእ በኋላ አስጀምረን ተኛን፤ ለሱብሒ ስንነሳ መብራት ጠፍቶ ግማሽ ላይ ቆሟል። እንደገና። አልቆ ስናየው ትንሿ የሞባይል ፋይል በሰዓት ወደ 80 ጊጋባይት አብጣለች፤ ሃርድ ዲስክ ለመግዛት አዋጣን።

ጥሬ ምስል መጀመሪያ ሲከፈት ሞራል ይሰብራል። ሁሉም ግራጫ ነው፣ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። በዚያ ላይ የመስጂዱ የሸምበቆ መብራት የሸይኻችንን ነጭ ጥምጣም አረንጓዴ አድርጎታል። በሞባይሉ ምስል ላይ ይህንን ስናስተካክል ፊታቸው ወደ ሐምራዊ ሄደብን። በጥሬው ላይ ግን የነጭ ቀለም ሚዛኑን ከተቀረጸ በኋላም እንደ አዲስ መምረጥ ይቻላል፤ ሁለት ቁልፍ ነካን፣ ጥምጣሙ ነጭ ሆነ፤ ፊታቸውም የራሳቸው ፊት። አንዱ ልጅ አለቀሰ። እኛም ብዙ አልቀረንም ነበር።

ነጻው ቅጂ ሊኑክስ ላይ ኤች 264 አድርጎ ስለማያወጣም፣ ያለቀውን ሥራ በኤፍኤፍኤምፔግ እንደገና አሳንሰን ከቴሌግራም 2 ጊጋባይት በታች አደረግነው።

ከመልቀቃችን በፊት ይዘንላቸው ሄድን። አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለው እስከ መጨረሻው አዩት። ስለ ቀለሙ ምንም አላሉም። «41ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሐረካ ስቻለሁ። ሰው ከእኔ ተሳስቶ እንዳይዝ ትክክሉን ከሥር ጻፉልኝ» አሉን።

ተመልሰን ኮምፒውተሩን ከፈትን። መብራት ካልጠፋ ለጁሙዓ ይለቀቃል፣ ኢንሻአላህ።