በአንዲት ፊደል የተቀየመችኝ

የፍቅር ጠብ መነሻው ብዙ ነው። የእኔ መነሻ ሰዋስው ነበር ብል ማን ያምነኛል?

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ነኝ። “የወጣቶች ደሴት” በምትባለው ቦታ ግማሽ ቀን እየተማርን፣ ግማሽ ቀን በፍራፍሬ እርሻ እየሠራን አደግን። ስፓኒሹንም ከመጽሐፍ ይልቅ ከሰው አፍ ነው የለቀምነው። በ1980 ዓ.ም. አገሬ ስገባ የልቤን ሰው፣ አንዲት ኩባዊት፣ እዚያው ትቼ መጣሁ።

እናላችሁ፣ “ባትጠብቂኝ እንኳ እወድሻለሁ” ልላት ፈልጌ “ቴ ኪዬሮ፣ አውንኬ ኖ ሜ ኤስፔራስ” ብዬ ጻፍኩላት። ከወራት በኋላ መልሷ መጣ፤ አንድ መስመር ብቻ። “አለመጠበቄን ማን ነገረህ?”

ክው አልኩ! አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ጠየቀኝና ስነግረው ራሱን ያዘ። “ምን ነካህ? ‘ኤስፔሬስ’ ነው እንጂ!”

ለካስ “ኤስፔራስ” ያለቀለት ነገር ነው፤ “እንደማትጠብቂኝ አውቃለሁ፣ ቢሆንም እወድሻለሁ” እንደ ማለት። “ኤስፔሬስ” ግን ያልታወቀውን ሳይታወቅ ይተወዋል።

ደንቡ እኮ ከባድ አይደለም። “አብሎ” ማለት “እናገራለሁ” ነው። መጨረሻውን “ኦ” ጣሉና “ኤ” አግቡበት፦ አብሌ፣ አብሌስ፣ አብሌሞስ፣ አብሌን። በ“አር” የሚያልቁ መደበኛ ግሶች ሁሉ እንዲህ ናቸው። በ“ኤር” እና በ“ኢር” የሚያልቁት ደግሞ በተቃራኒው “አ” ይወስዳሉ፦ ከኮሜር (መብላት) ኮማ፣ ከቢቢር (መኖር) ቢባ። ምኞት፣ ጥርጣሬ፣ ገና ያልሆነ ነገር ሲመጣ ይኸኛው መልክ ይገባል። እኛስ “ይመጣል” እና “ይምጣ” የምንለው ለየቅል አይደል?

እውነቱን ልናገርና፣ ጥፋቱ የፊደል ብቻ አልነበረም። በልቤ ጠርጥሬያት ነበር። ፊደሏ አጋለጠችኝ።

“ኤስፔሬስ” ብዬ፣ ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ጻፍኩላት። ይድረሳት አይድረሳት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ መልስ አልመጣም።

ምክሬ አጭር ናት። ለምትወዱት ሰው ስትጽፉ፣ የጠረጠራችሁትን ያረጋገጣችሁት አታስመስሉት። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን።