ረዳቱ «ሽንት ነው?» አለኝ

ይህን ከጎንደር በመተማ በኩል ሱዳን፣ ገዳሪፍ የሚደርስ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩበት በሌሊት ስለነበር አየሁት ማለት አልችልም። ጊዜው 1974 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስምንት። አምስት ሆነን ከጭልጋ ቁልቁል ወረድን፤ ቀን ቀን ጥሻ ውስጥ እየተኛን፣ ማታ ማታ እየተጓዝን መተማን በጎን አልፈን ሱዳን ገባን። ከዚያ ጉዞ የቀረኝ ድምፅ ነው። መሪያችን «ጓንግ ነው፣ ተከተሉኝ» ብሎ ወንዝ አስገባን፤ ውሃ ግን የለም። አሸዋና ጠጠር ከጫማችን ስር ይንኮሻኮሻል። መሃል ላይ ስንደርስ «ክረምት ቢሆን እዚህ ቀርታችሁ ነበር» አለን። እዚያ ማዶ ስሙ ተለውጦ አትባራ እንደሚሆን ያወቅሁት ገዳሪፍ ከገባሁ በኋላ ነው።

ገዳሪፍ አራት ዓመት ኖርኩ። ተዋዋ ሰፈር አደርኩ፣ ማሽላ አጨድኩ፣ ሰሊጥ ተሸከምኩ። ከዚያ በስደተኛ ፕሮግራም አሜሪካ፣ ሚኔሶታ። አሁን የምኖረው ሴንት ፖል ነው፤ ከቤቴ ሥራ ቦታዬ ስሄድ ሚሲሲፒን እሻገራለሁ። መንገዱ ዳር አረንጓዴ የመርከብ መሪ የተሳለበት ምልክት ቆሟል። ለዓመታት የመርከብ ድርጅት ማስታወቂያ ይመስለኝ ነበር! ኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው «ታላቁ የወንዝ መንገድ» መሆኑን የነገረኝ፦ ከሚሲሲፒ ምንጭ ጀምሮ እስከ ባሕሩ ድረስ በአሥር ግዛቶች ውስጥ የሚያልፍ፣ ወደ 4,800 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ። የሚገርመው፣ አዲስ የተሠራ መንገድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ግዛቶቹ ኮሚሽን አቋቁመው፣ አብዛኛውን የነበረውን መንገድ በአንድ ምልክት አያያዙትና «ይህ የወንዙ መንገድ ነው» አሉ። እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ክፍል ራሱ ይይዛል፤ ምልክቱ ግን አንድ ነው። በየቦታው ገባ ብለህ መኪና የምታቆምበት፣ አግዳሚ ወንበር ያለበት፣ ስለ ቦታው አጭር ጽሑፍ የተለጠፈበት ስፍራ አለ። ሌላ ምንም የለም። ሰው ቡናውን ይዞ ይቆማል፣ ወንዙን ያያል፣ ይሄዳል።

ይህ ነገር አእምሮዬ ውስጥ እንዳለ በ2006 ዓ.ም. ጥር አገር ቤት ገባሁ። ድንበሩ ክፍት ነበር፤ ገዳሪፍ ያሉ የድሮ ጓደኞቼን ልጠይቅ ከጎንደር በሚኒባስ ተነሣሁ። ያንን በሌሊት የሄድኩበትን አገር በቀን ላየው ነው። አዘዞ፣ አይከል። ከአይከል እንዳለፍን ደጋው ያልቅና መሬቱ ባንዴ ይከዳል። ታች ቆላው ተዘርግቷል፤ ጭጋግ ይሁን አቧራ ያልለየለት ነጭ ነገር እስከ ሱዳን ድረስ ተኝቶበታል። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተነሣ።

«ወንድም፣ እዚህ ጋ ትንሽ ብታቆሙልኝ?»

ረዳቱ ዞረ። «ሽንት ነው ጋሼ?»

«አይ፣ ማየት ፈልጌ ነው።»

«ምኑን?»

በእጄ አሳየሁት። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቁልቁል አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ለሾፌሩ «ሂድ ሂድ፣ ምንም አልሆኑም» አለው።

ከኋላ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ጊዜ ቆምን፤ ሦስቱም ኬላ ነው። ውረዱ፣ ሻንጣ ክፈቱ፣ መታወቂያ። ለካ በዚህ መንገድ ላይ መቆሚያ ሞልቷል፤ ማያ ነው የጠፋው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለዚህ መንገድ የማስበው ይህንኑ ነው። ታሪኩን በሙሉ ብታዩት፣ በዚህ በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ ወይ ሌላ የሚያባርረው አለ፣ ወይ እሱ የሚያባርረው ሰው አለ፣ ወይ የሚጭነው ሰሊጥ አለ። ለማየት የቆመ ጥቂት ነው።

ከቆሙት አንዱ ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ሰኔ ላይ ኋላ ካገባት ሴት ጋር አትባራ ዳር ሰፍሯል፤ ወንዙ ከኩሬ በቀር ውሃ የለውም። ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ሰማ፤ ሰው ሁሉ እየጮኸ ከአሸዋው ወጣ። ሲነጋ የትናንቱ በረሃ ሰፊ ወንዝ ሆኖ ይፈሳል። እኛ ደራሽ የምንለው ነው፤ ጎንደር ላይ የጣለው ዝናብ ነው ደመና በሌለበት አገር በሌሊት የደረሰው። ያ መሪያችን «እዚህ ቀርታችሁ ነበር» ያለው የገባኝ ይህን ሳነብ ነው። አሁን በመካከሉ ግድብ አለ፤ ኻሽም ኤል ጊርባ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ከሸዋክ አጠገብ ደግሞ የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ በ2017 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። ከግድቦቹ በላይ፣ በገላባትና በመተማ በኩል ያለው ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ በክረምት ይመጣል፣ በበጋ ይሄዳል።

ይህንንም እንደ ሚሲሲፒው የወንዝ መንገድ እናድርገው ብንል፣ እንዲህ ዓይነቱን ወንዝ እንዴት ታስተዋውቃለህ? ሚሲሲፒ ሁልጊዜ እዚያው አለ፤ በማንኛውም ቅዳሜ ብትሄድ ታገኘዋለህ። ጓንግ፣ የዚያው ቆላ ወንዞች ሽንፋና አይማም የዓመቱን ትልቁን ክፍል የአሸዋ መንገድ ናቸው። ውሃቸው ሲመጣ ደግሞ ዋልካው ጭቃ ይሆንና ከአስፋልት ወጣ ያለ መኪና እዚያው ይከርማል። ቱሪስት የሚደርሰው ወንዙ በሌለበት ጊዜ፣ ወንዙ የሚኖረው ቱሪስት በማይደርስበት ጊዜ ነው።

እኔ ግን ደረቁ ወንዝ ራሱ የሚታይ ነው እላለሁ። አሸዋው ላይ እዚህም እዚያም ኩሬ ይቀራል፤ ዓሣው ሁሉ እዚያ ይታጎራል፣ ወፉም ከብቱም ሰውም እዚያው ይሰበሰባል። ይህ ደግሞ የትናንት ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የተመራ ቡድን በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ መተማ ወረዳ ውስጥ ያገኘውን አሳተመ፦ ከዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የተዉት የእንስሳት አጥንትና የድንጋይ መሣሪያ፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ትንንሽ ሹል ድንጋዮች። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የሚባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ዘመን ነው፤ የዚያ ብናኝ ብርጭቆ እዚያው አፈር ውስጥ ተገኝቷል። አየሩ ሲደርቅ ሰዎቹ ያደረጉት ከኩሬ ዓሣ አብዝቶ መብላት ነው። ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር አክለዋል፦ የኩሬው ዓሣ ሲያልቅ ሰው ወደሚቀጥለው ኩሬ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው፤ እንዲህ እያለ በደረቅ ወንዝ ላይ አገር ያቋርጣል። ሰማያዊ አውራ ጎዳና ብለውታል። ከአፍሪካ የወጣው ሰው እንዲህ ዓይነት ወንዝ ተከትሎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ያ የአሸዋ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እኛም በዚያው ነበር የወጣነው።

ሽንፋ ድንበር ሲሻገር ራሃድ ይሆናል፤ አይማ ደግሞ ዲንደር። ዲንደር ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የተከለለ ነው፤ በእኛ በኩል ቋራ ውስጥ አላጥሽ በ1998 ዓ.ም. ተከለለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ጥር አላጥሽ ውስጥ አንበሳ መኖሩ በሌሊት ካሜራ ተረጋገጠ። ዜናውን ስሰማ ገዳሪፍ ያለ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ «እኛ እኮ ካሜራ ሳይመጣም እናውቃለን» አለኝ። የፓርኮቹን ድንበር አንበሳው አያውቀውም፤ ከብት ነጂውም ያውቀዋል ለማለት ይከብዳል።

መንገዱን ስለ ማስተዳደር ካነሣን ከባዱ ጽሑፉ ነው፤ ያ መኪና ማቆሚያው ላይ የሚለጠፈው። መተማ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቆስለው የወደቁት እዚህ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛለች። ለእኛ ሰማዕትነት ነው። አሥር ደቂቃ ተራምደህ፣ በደረቁ ፈፋ ላይ ያለችውን ትንሽ ድልድይ ተሻግረህ ገላባት ስትደርስ ያው ቀን የደርቡሽ ሠራዊት ድል ነው። አዛዡ ዘኪ ጠማል ለእነሱ ጀግና ነው። ያ ጦርነት ደግሞ ከሰማይ አልወረደም፤ ከዚያ በፊት ሌላው የደርቡሽ አዛዥ አቡ ዓንጃና ሠራዊቱ በዚሁ መንገድ ሽቅብ ወጥተው ጎንደርን አቃጥለው ነበር። (የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ንቦች ናቸው ያዳኑት ይባላል፤ ንቦቹም አንድ ቦርድ ይገባቸዋል።) እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ በዚሁ ስፍራ እንግሊዝና ጣሊያን ተታኮሱ፤ በእንግሊዝ በኩል የተዋጉት ሕንዶች ጭምር ናቸው። የእኔ ሐሳብ፣ ድልድዩ ላይ አንድ ቦርድ ይቁም፣ ሁለቱ ትረካ ጎን ለጎን በአማርኛና በዐረብኛ ይጻፍ፣ ማንም የማንንም አይሰርዝ። ይህን ፌስቡክ ላይ ማለት ቀላል ነው። ሁለቱ አገሮች በሚወዛገቡበት በአልፋሽጋ መሬት ላይ ሰው እየሞተ ግን የመሬቱን ስም እንኳ በአንድ ፊደል መጻፍ አይቻልም።

ሌላው የሎጅ ነገር ነው። ጎርጎራ ላይ የተሠራውን ያየ ሁሉ ቆላውም ላይ እንዲህ ይሠራ ይላል። እኔ ማደሪያ አይሠራ ባይ ነኝ፤ ቢያንስ በመጀመሪያ። እዚያ አገር የሠራ ሰው ካላዛር የሚባለውን በሽታ ያውቃል። አስተላላፊዋ ትንኝ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ናት፤ የዋልካው ስንጥቅ ውስጥና ግራሩ ስር ትውልና ሲመሽ ትወጣለች። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ ስንቱ ልጅ በዛፍ ስር አድሮ ሆዱ ተነፍቶ ተመልሷል። ቀን የምታሳርፍህ ጥላ ማታ የምትገድልህ ናት። ስለዚህ ይህ መንገድ የቀን መንገድ ነው፦ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ፣ ጠዋት ተነሥተህ ማታ ከተማ የምትገባበት። የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። ከአይከል በታች አንድ፣ ገንዳ ውሃ አካባቢ አንድ፣ በሱዳን በኩል ከዶካ ወዲህ አንድ። ዳስ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ የቆሻሻ በርሜል፣ ቡና። ፌስታሉን የሚለቅም ደመወዝተኛ ካልተቀጠረ ደግሞ ባይሠራ ይሻላል።

ቡናውን ማን ያፍላ? ገዳሪፍ ገበያው ዳር አንዲት የእኛ አገር ሴት ነበረች፤ አነስተኛ ከሰል ምድጃ፣ ዝንጅብል የገባበት ቡና፣ በፕላስቲክ ገመድ የተጠለፉ አራት ዝቅ ያሉ በርጩማዎች። ሱዳኖቹ «ሲት ሻይ» ይሏታል፤ እኛ እታለም። የጠፋ ዘመድ የሚፈልግ፣ ደብዳቤ የሚልክ፣ ሥራ የሚጠይቅ ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚቀመጥ። አንዱ በርጩማ ሁልጊዜ ባዶ ነበር፤ «ለሚመጣው ነው» ትላለች። በ2006 ስሄድ ቦታው ላይ የስልክ ካርድ መሸጫ ተተክሏል።

አሁን ይህን የምጽፈው ቱሪስት ሊመጣ ነው ብዬ አይደለም። ሱዳን ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከነደደች ወዲህ ሰዉ በዚያው መንገድ ወደ እኛ ሽቅብ መጣ። ለእኛ ውሃ ያቀበሉ ሰዎች ልጆች ናቸው። በ2016 ሚያዝያ ከኩመርና ከአውላላ የስደተኛ ጣቢያ በሺህ የሚቆጠሩት ጸጥታ አጣን ብለው ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ፎቶውን አየሁት፤ ጨርቅ ዛፍ ላይ ተወጥሯል፣ ሴቶች አስፋልቱን እያዩ ተቀምጠዋል። ሰው በዚያ መንገድ ዳር ተቀምጦ የታየው ያኔ ነው። አፈርኩ። ስለ አግዳሚ ወንበርና ስለ ቦርድ ሳስብ የኖርኩት ሰውዬ አፈርኩ፤ ግን ማሰቡን አልተውኩም።

የ2006ቱን መመለሻ ልንገራችሁና ይብቃኝ። ከመተማ ስንመለስ ሌላ ሚኒባስ፣ ሌላ ረዳት፤ መኪናው ሰሊጥ ተጭኖበታል። አይከል ሊደረስ ሲል ሽቅቡ ላይ ራዲያተሩ ፈላ። ሾፌሩ እየተራገመ ዳር ያዘ፣ ድንጋይ ጎማ ስር አስገባን፣ ሁላችንም ወረድን። እንፋሎቱ እስኪወጣ የሚሠራ ነገር አልነበረም። አንድ ሁለት ሰው መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ሌላው። ፀሐይዋ ወደ ሱዳን በኩል ዘቅዝቃ ያ ነጭ ነገር ሁሉ መዳብ መስሏል፤ ከታች አንድ ቀጭን የአሸዋ መስመር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ያጣጠፉ አንዲት እናት «ያ መንገድ ነው ወንዝ?» ብለው ጠየቁኝ። ጓንግ ይሁን ሌላ ገባር እርግጠኛ አልነበርኩም፤ «ወንዝ ነው እማማ» አልኳቸው። ረዳቱ ውሃውን ጨምሮ ክዳኑን ገጠመና «ግቡ!» ብሎ ጮኸ። ቶሎ የተነሣ ሰው አልነበረም።