ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አይደለም

አባቴ ሾፌር ነው። ቤታችን ውስጥ ማንኮራፋቱ «ደክሞት ነው፣ ተዉት» ተብሎ ነው የሚታለፈው። ድካሙ ግን ከሥራው ብቻ አልነበረም። ምላስና የጉሮሮ ጡንቻ ሲላላ የአየር መተላለፊያው ይዘጋል፣ ትንፋሽ ይቋረጣል፣ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሳል። ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሞች «ከባድ» ይሉታል። እንዲህ ያደረ ሰው መሪ ላይ ቢያንቀላፋ ስንፍና አይደለም፤ ሕመም ነው።

ሕክምና አለው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያቆየውን «ሲፓፕ» እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ አደረገ። የትንፋሽ መቋረጥን በመቀነስ እስከ ዛሬ ቀዳሚው እሱ ነው። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ያለ ባትሪ አይሠራም፤ ጭምብሉ አስጨንቋቸው ሌሊት የሚያወልቁትም ብዙ ናቸው።

ሌላው በጥርስ ሐኪም ተለክቶ የሚሠራ፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደፊት የሚስብ የአፍ መሣሪያ ነው። አቅሙ ያንሳል፣ መንጋጋም ሊያሳምም ይችላል። ሆኖም ሕመሙ ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነበት ሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ ካደረገው፣ በሁለት ሰዓት ከሚወልቅ ሲፓፕ ሊሻል ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ «የትኛው ይበልጣል?» ብቻ ሳይሆን «የትኛውን አድርገህ ታድራለህ?» ብሎ ይጠይቅ። እናንተም መሪ የሚይዝ ቤተሰብ ካላችሁ ማታ ትንፋሹን አዳምጡ። ከተቋረጠ ወደ ምርመራ ውሰዱት፤ ከኋላው የተሳፈረ ሰው አለ።