ሞተሩን ሳጠፋ

ይህ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ በሰሜን ሸዋ ሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ ከእነዋሪ ከተማ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ነው። ያን ጊዜ ኤክስካቫተር መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኝ ነበር። ከጭቃው በሕይወት ወጥቻለሁ፤ የማንም ሰው አጥንት አልተሰበረም፤ ማሽኑም ተርፏል። ታሪኩን ለጀማሪ ኦፕሬተሮች በቃል ደጋግሜ አውርቻለሁ። ሁሉም ግን ገመዱ የተበጠሰበትን ብቻ ያስደግሙኛል። ለእኔ ዋናው እሱ ስላልሆነ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፈው።

ጅሩን የሚያውቅ በሰንጋውና በጤፉ ያውቀዋል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ መረሬ ይሉታል። በአገራችን እንዲህ ያለው አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል፤ ከግማሽ የሚበልጠውም ደጋ ላይ ነው። በበጋ ይደርቅና ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ስንጥቁን ይዘጋል፣ የጠጣውንም አምቆ ይይዛል። መንገድ ስንሠራ መረሬውን ቆርጠን አውጥተን ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር የምንተካው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። በዚያው ማሽን ስንት ገልባጭ መኪና መረሬ ዝቄ የጫንኩ ሰው ነኝ።

ልብ ያላልኩት አንድ ነገር ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ስንጥቆቹ ገና አፋቸውን እንደከፈቱ ናቸው። ውሃው በእነሱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ላዩ ይደርቃል፤ ታቹ ገንፎ ሆኖ ይቆያል።

ማሽኑ ባለ 20 ቶን ኮማትሱ ነበር፤ በሰዓት ሂሳብ የተከራየ። እኔን የቀጠሩኝ የማሽኑ ባለቤት ናቸው። በዚያ ጠዋት የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ የሚቀበርበትን ቦታ ልቆፍር ከአንድ ጨፌ ማዶ መሄድ ነበረብኝ። በመንገድ ዞሮ መሄድ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጨፌውን አቋርጦ 700 ሜትር አይሞላም። ማሽኑን ጭኖ የሚያጓጉዘው ሎቤድ ሌላ ሳይት ሄዷል። በሰንሰለት ረጅም መንገድ መሄድ ደግሞ ማሽኑን ከሥሩ ይበላዋል፤ ባለቤቱም ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቁኝ በዚሁ ነው። ፎርማኑ «በመንገድ ሂድ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ከዓይኑ ስርቅ ወደ ጨፌው ታጠፍኩ። ከሦስት ቀን በፊት በዚያው አቋርጬ የሰንሰለቱ ጥርስ እንኳ በቅጡ አልታተመም ነበር። ከዚያ ወዲህ የዘነበው አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

ጨፌው መሐል ስደርስ የከብት መሄጃ አየሁ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ያለ ምክንያት ይታጠፋል፤ ሰፊ ክብ ሠርቶ እንደገና ይቀናል። ከብት ያለ ምክንያት እንደማይዞር ገጠር ተወልጄ ያደግሁ ሰው አውቃለሁ። ነገር ግን ሥልጠና ላይ የተማርኩት ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ባለ ሰንሰለት ማሽን ክብደቱ በሰፊው ስለሚበተን በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያርፈው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ የበሬ ኮቴ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ በሬ በሚሰምጥበት እኔ አልፋለሁ ብዬ ቀጥ አልኩ። ስሌቱ ልክ ነው። በሬ ግን የሰመጠ እግሩን ይነቅላል። 20 ቶን ብረት ምን ይነቅላል?

መጀመሪያ የግራው ሰንሰለት ዝቅ ሲል ታወቀኝ። ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ሳልጠማዘዝ በመጣሁበት ዱካ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነበር። እኔ ግን የቀረኝን ሜዳ አየሁና ነዳጅ ሰጥቼ ወደ ቀኝ ለመጠምዘዝ ሞከርኩ። ባለ ሰንሰለት ማሽን ሲጠማዘዝ መሬቱን ይልጣል። ከላይ የያዘኝ የደረቀ ቅርፊትና የሣር ሥር ነበር፤ እሱን ራሴ ቀደድኩት። በደቂቃዎች ውስጥ የግራው ሰንሰለት ሙሉ በሙሉ ተዋጠ። ከሦስት ሰዓት ገና አላለፈም።

ረዳቴ ሮጦ ሎደር ጠራልኝ። ሎደሩ ጠንከር ያለ ቦታ ቆሞ ከኋላ ሊጎትተኝ የሽቦ ገመድ አመጣን። ገመዱ መታሰር የነበረበት ከታችኛው ሻሲ ጋር ነው። ሻሲው በጭቃ ተውጧል፤ ቆፍሮ ማግኘት ደግሞ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከላይ ካገኘነው ብረት ጋር አሰርነው። ብረቱ ጠርዙ ስለት ነበር፤ ከሥሩ ጆንያ እንኳ አላደረግንም። ሁለተኛው ጉተታ ላይ ገመዱ ተበጠሰ። ጫፉ በሎደሩ ጣሪያ ላይ አልፎ መብራቱን ወስዶ ወደቀ። ረዳቴ ጥቂት ቀደም ብሎ በገመዱ አቅጣጫ ቆሞ ነበር፤ ያን ሰዓት ውሃ ሊጠጣ ሄዷል። የሎደሩ ኦፕሬተር ወርዶ መብራቱን አየ፣ እኔን አየ፤ «እኔ ከዚህ በኋላ አልጎትትም» አለ። ልክ ነበር።

ወዲያው የማሽኑ ባለቤት ደወሉ። «ደረስክ?» አሉኝ። «ደርሻለሁ፣ ሥራ ልጀምር ነው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያመጣው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ከዋሸሁ በኋላ ውሸቱን እውነት ለማድረግ ማሽኑን በራሴ ማውጣት ነበረብኝ።

ጋቢና ገብቼ በባኬቱ ራሴን መጎተት ጀመርኩ። ቡሙን ዘርግቼ ባኬቱን መሬት ላይ እተክላለሁ፣ እስባለሁ። ባኬቱ ጭቃውን ሰንጥቆ ባዶውን ይመለሳል። ማሽኑ አይንቀሳቀስም፤ ወይም የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል። እንዲህ ሳደርግ ቀትር አለፈ። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ። በግራዬ በኩል ያለችው ጅረት መሙላት ጀመረች። ከእሷ አጠገብ ጉብ ያለ ቦታ አየሁና ቡሙን ወደ ግራ አዞርኩ፤ እዚያ ተክዬ ብጫን ይይዘኝ ይሆናል ብዬ ነው። አልያዘም። ባኬቱ እስከ ክንዱ ገባ። ላወጣው ሳነሳ ማሽኑ ራሱ ወደዚያው ተሳበ። የኤክስካቫተር ጋቢና በግራ ነው፤ በሩም በግራ ነው። በሩ ጭቃ ላይ ተደገፈ። ከታቹ ውሃ ይገባ ጀመር። ፈራሁ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ትንሽ ነው። በቀኝ በኩል ካለው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ውሃው ግማሽ የደረሰ ሃይላንድ ነበር። ጠዋት የገዛሁት ነው። ዓይኔ ድንገት እሱ ላይ አረፈ። ፕላስቲኩ ከማሽኑ ጋር አዘንብሏል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ግን አላዘነበለም፣ ውሃ አያዘነብልም። ስለዚህ የውሃው መስመር በአንድ ጎን የተለጠፈው ወረቀት ጋ ደርሷል፣ በሌላው ጎን ከሥር ነው። ሌቨሩን ሳብኩ። የውሃው መስመር ወረቀቱ ላይ አንድ ጣት ያህል ወጣ። ለቀቅሁ። አልተመለሰም። እንደገና ሳብኩ። እንደገና አንድ ጣት።

ሦስተኛውን አልሳብኩም። ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑን የሚያሰምጠው ጭቃው ነው፣ ዝናቡ ነው፣ ጅረቷ ናት ስል ነበር። ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ውሃ የሚንቀሳቀሰው ግን እጄ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። እጄ ሲያርፍ እሱም ያርፋል። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ረጅም መሰለኝ እንጂ ደቂቃ አይሞላም ይሆናል። እጆቼን ከሌቨሮቹ አነሳሁ። ጉልበቴ ላይ አኖርኳቸው። ከዚያ ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁ።

ሞተሩ ሲጠፋ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ሰው ይጮኻል። ለካ ከኋላዬ፣ መስታወቱ በጭቃ ተሸፍኖ ከማላየው ቦታ፣ ሲጮኹ ቆይተዋል። ረዳቴ ቢጫ ሰደርያውን አውልቆ ሲያውለበልብ ነበር። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የግሬደሩ ኦፕሬተር ድምፅ ነው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ባኬቱን እንዳትነካው! እሱ ነው ደግፎ የያዘህ! እንዳለ ተወው!»

ላነሳው የነበረው እሱን ነው።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ድምፄ የሚሰማ አልመሰለኝም ነበር፤ ሰሙኝ።

«የፊቱን መስታወት ወደ ላይ ስቀለው። በቀኝ በኩል ውጣ። አትዝለል፣ አትቸኩል።»

የፊቱን መስታወት ከፍቼ ወደ ጣሪያው ገፋሁት። ወጥቼ ከፍ ብሎ በቀረው በቀኙ ሰንሰለት ላይ ተቀመጥኩ። የአካባቢው ሰዎች ከየቤታቸው የበር ሳንቃና በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ጭድ አምጥተው መንገድ አነጠፉልኝ። በሆዴ ተስቤ ሄድኩ። አንዱ ቦቲ ጫማዬ በሳንቃዎቹ መካከል ቀረ፤ ላወጣው እጄን ስሰድ ጋሼ «ተው አንተ!» አሉኝ። ተውኩት። ስወጣ አንዲት እናት ጋቢያቸውን አለበሱኝ። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስልክ ተቀብዬ ለባለቤቱ ደወልኩ። «አልደረስኩም። ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ። ጨፌ ውስጥ ገብቻለሁ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «አንተ ወጥተሃል?» አሉ። ወጥቻለሁ ስላቸው «እንግዲህ ነገ እመጣለሁ» ብለው ዘጉ።

ሁለት ቀን ዘነበ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ማሽን የነካ የለም። ሥራውን ጋሼ ያዙት፤ መጀመሪያ ያዘዙት ግን ማሽን ሳይሆን ዶማ ነው። ገበሬዎቹ ውሃ ማሳቸው ላይ ሲተኛባቸው የሚያወጡትን ዓይነት ፈሰስ ከማሽኑ በላይ በኩል ቀደዱ፤ ውሃው ማሽኑን ዞሮ ወደ ጅረቷ ይወርድ ጀመር። ሁለተኛ ኤክስካቫተር ከደብረ ብርሃን በሎቤድ መጣ። እሱን የሚያቆሙበት ቦታ ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ አግድም እየደረደሩ አስረው አነጠፉ። ከዚያ በሰንሰለቶቹ ግራና ቀኝ ቆፈሩ። ጋሼ እየቆፈሩ ያስረዱን ነበር፤ ጭቃ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን እየመጠጠ ነው፣ ከሥር አየር ካልገባ የዓለም ሎደር ቢጎትት አይለቅም። ክፍተቱ ውስጥ ድንጋይና ግንድ ረመረሙ። የሽቦ ገመዱን በታችኛው ሻሲ ግራና ቀኝ አሰሩ፤ ስለቱ ላይ ጆንያ አደረጉ፤ ገመዱ መሐል ላይም ቢበጠስ እንዳይወረወር ከባድ ጆንያ ጣሉበት።

እኔ ማሽኑ ላይ ልውጣ ብዬ ጠይቄ ነበር። «አንተ ልጆቹን ጠብቅ» አሉኝ። የመንደሩ ልጅ ሁሉ «ዶዘሩ ሊወጣ ነው» ብሎ መጥቷል፤ እዚያ አገር ብረት የሆነ ሁሉ ዶዘር ነው። ከገመዱ ርዝመት በላይ ርቀት ላይ በዱላ መስመር አሰመርኩና ልጆቹን ከዚያ ወዲያ አቆምኳቸው። በአራተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉተታው ተጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይነጥቅ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከሥር ረጅም የመምጠጥ ድምፅ መጣ፤ ጭቃው ለቀቀ። ልጆቹ መስመሬን ጥሰው ሮጡ፤ ገመዱ ግን ቀድሞ ላልቷል።

የሰንሰለቱ መንጃ ውስጥ ውሃ ገብቶ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ነበር፤ አጥበን ቀየርን። ባለቤቱ የግማሽ ወር ደመወዜን ቆረጡ። ሥራዬን ግን አልነጠቁኝም።

ዛሬ ማሽኑ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ፌሮ አለ። ያልገባሁበት መሬት ላይ ስደርስ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ፌሮውን እየተከልኩ። በእጄ ግፊት ብቻ ከገባ እመለሳለሁ። የምሄድበትን መንገድ ለፎርማን ሳልናገር አልነቃነቅም። ከሰመጥኩም ቆሜ እደውላለሁ፤ ስደውል የማወራው የሆነውን ነው። ረዳቶቼ ይስቁብኛል፣ በተለይ በፌሮው። ይሳቁ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጥር ወር ለሌላ ሥራ በጨፌው በኩል አለፍኩ። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ማሽኔ የወጣበት ጉድጓድ አልተደፈነም፤ ኩሬ ሆኖ ውሃ ይዟል፤ ዳሩ ላይ የኮቴ ዱካ ሞልቷል። የከብቱ መንገድም መታጠፊያውን ትቶ ወደ ኩሬው ቀንቷል። አንድ እረኛ በሬዎቹን ያጠጣ ነበር። ቦቲ አግኝቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አንድ እግር ነው፤ አባቴ ዶሮ ይጠጣበት ብሎ ቆርጦታል» አለኝ።