ቢሮው ሩቅ ነው

ለተግባር ልምምድ በወጣንባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ደጋግመን አየን። መምህሩ የዝውውር ወይም የደመወዝ ጉዳይ ሲገጥመው ወረዳ ከተማ ይወርዳል፤ የሚያስተናግደው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ይባላል፤ እዚያው ያድራል። ልጆቹ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ኳስ ሲጠልዙ ይውላሉ። ጥፋቱ የማን ነው ብለን ብንጠይቅ «ቢሮው ሩቅ ነው» ከማለት በቀር መልስ አላገኘንም። እንግዲህ በክበባችን ስለ አስተዳደር አከፋፈል ስናነብ ዓይናችን የራሳቸውን ቢሮ ባቋቋሙ ሰዎች ታሪክ ላይ ቢያርፍ አይገርምም። ታሪኩ የአሜሪካ ነው፤ ቦታውም አሪዞና።

ውድ አንባቢያን፣ ካውንቲ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ፍርድ ቤቱ፣ የመሬት መዝገቡ፣ ሸሪፍ የሚሉት የጸጥታ ሹም፣ የገጠር መንገድ ጥገናው በእሱ ሥር ነው። ታክስም ይሰበስባል። ተራው ሰው ከዋሽንግተን ይልቅ በየዕለቱ የሚያገኘው ካውንቲውን ነው።

ዩማ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1864 ከተቋቋሙት የመጀመሪያዎቹ አራት የአሪዞና ካውንቲዎች አንዱ ነው። መቀመጫው ዩማ ከተማ በደቡብ፣ ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ነው። ፓርከር የተባለችው ከተማ ግን በሰሜን፣ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር ናት። ካርታ ዘርግተን በማስመሪያ ለካነው፤ በመንገዱ ሲሄዱት 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ያውም በረሃ ለበረሃ! ደርሶ መልሱን እናንተው አስሉት። ሕዝቡ የሚበዛው ደግሞ በደቡብ ስለነበረ በምርጫም ቢሆን ሚዛኑ ወደዚያው ይደፋል።

የሰሜኖቹ ሰዎች ታዲያ ጦር አልሰበቁም፤ ድምፅ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1982 መለየቱ በሕዝብ ድምፅ ጸደቀ፤ ጥር 1 ቀን 1983 ላፓዝ ካውንቲ ሥራ ጀመረ፤ ፓርከርም መቀመጫ ሆነች። አሪዞና በ1912 የኅብረቱ አባል ግዛት ከሆነች ወዲህ የተወለደ ካውንቲ እሱ ብቻ ነው።

ስሙ በጣም አስደስቶናል። ላፓዝ በስፓኝ ቋንቋ «ሰላም» ማለት ነው። በ1862 ወርቅ ተገኝቶ በወንዙ ዳር የበቀለች ከተማ ነበረች፤ የዩማ ካውንቲ የመጀመሪያ መቀመጫም እሷው ነበረች። ኋላ ወንዙ መንገዱን ቀይሮ ራቃት፤ ወርቁም አለቀ፤ ቢሮው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ከተማዋም ፍርስራሽ ሆና ቀረች። ለካስ ቢሮው ሩቅ የሆነው ከሰሜን ተነሥቶ ሄዶ ነው! ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስሟን አነሡላት።

እዚህ ላይ ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። ምክንያቱም አዲሱ ካውንቲ ቢሮ አገኘ እንጂ ገንዘብ አላገኘም። ስፋቱ ከ11,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው መሬት የፌዴራል መንግሥትና የነባር ሕዝቦች ይዞታ ስለሆነ የመሬት ግብር አይከፈልበትም። በ2020 ቆጠራ እንኳ ነዋሪው ከ17,000 አልደረሰም። የዳኛና የሸሪፍ ደመወዝ ከየት ይምጣ? የግዛቲቱ መንግሥት ገንዘብ መደጎም ግድ ሆነበት።

ግማሾቻችን «ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ሰሌዳ ብቻ መስቀል ነው እኮ» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ድጎማው ለጥቂት ዓመት ነው፤ ርቀቱ ግን ለልጅ ልጅ ነው» ብለን ተከራከርን። ክርክሩ እስከ እራት ደወል ዘለቀ፤ አሸናፊም አልነበረም። ለነገሩ ሚዛናዊ ሆነን ስናየው፣ ሰዎቹ ከድምፁ በፊት ሒሳቡን በደንብ ቢቀምሩት ይሻል ነበር፤ ይሁንና ሒሳቡን ብቻ ቢጠብቁ ኖሮ ዛሬም ወደ ዩማ ይመላለሱ ነበር።

የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ግን የላፓዝን ችግር አይተው ካውንቲ መክፈልን የበለጠ ከባድ የሚያደርግ ሕግ አወጡ። አሪዞና ዛሬ 15 ካውንቲዎች አሏት፤ ከ1983 ወዲህ አንድም አልተጨመረም።