ከተሞክሮዬ፦ የእንጦጦ ሸክምና የእናቶች ወገብ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ፣ የካ ውስጥ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከጉራራ በላይ ካለው የእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ወገባቸውን ይዘው ይመጣሉ። እነሱን ሳክም የተማርኩት ይህ ነው።

«ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተመራማሪዎች ዕቃ በእጅ ለማንሳት ያስቀመጡት ጣሪያ 23 ኪሎ ነው፤ ያውም ዕቃው ወደ ሰውነት ተጠግቶ፣ ሳይጠማዘዙ ሲነሳ። እንጦጦ ላይ ከ30 ኪሎ የሚያልፍ እስር ብርቅ አይደለም። ክብደቱን የሚያባብሰው ደግሞ አነሳሱ ነው። እናቲቱ መሬት ላይ ለተጋደመው እስር ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ገመዱን በትከሻዋ አሳልፋ ደረቷ ላይ ታስራለች፤ ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል ብላ፣ በአንድ እጇ መሬቱን ተደግፋ፣ አጎንብሳ ብድግ ትላለች። ማጎንበስ፣ መጠማዘዝና ክብደት በአንድ ቅጽበት ይገናኛሉ። ያኔ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ለስላሳ መሐሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ነርቩ ይገፋል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት የመጨረሻዎቹ ሁለት የወገብ ዲስኮች ናቸው፤ ሕመሙ በመቀመጫ አልፎ እግር ድረስ የሚወርደውም ለዚህ ነው።

«አይሸከሙ» ማለት ምክር አይደለም። የልጆቿ እራት ያለው እዚያ እስር ውስጥ ነው። እኔ የምጠይቀው «እማማ፣ ሲያርፉ ሸክሙን የት ላይ ነው የሚያሳርፉት?» ብዬ ነው። ወገብ በሚደርስ ድንጋይ ወይም እርከን ላይ ሸክሙን አስደግፋ ያረፈች ሴት ከመሬት ብድግ ማለት ይቀርላታል። በየቁልቁለቱ እንዲህ ያለ የድንጋይ መደብ ቢሠራ ከብዙ ማስታገሻ ክኒን ይበልጥ እንደሚጠቅም አምናለሁ።

ማለዳ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዲስክ ሌሊቱን ውኃ ስለሚመጥ ጠዋት ይወጠራል፤ ከመኝታ እንደተነሱ ማጎንበስ ይከብደዋል። ወደ ጫካው የሚያወጣው ዳገት ሰውነትን ያፍታታል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከቤት ሳይወጡ፣ ገና በጨለማ የሚነሳው ባለ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካን ነው።

 

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪን ተጠያቂ ያደርጋል። እንጨት ተሸካሚዋ አሠሪ የላትም። ወገቧ የተያዘ ቀን ገቢዋም አብሮ ይቆማል፤ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

አብዛኛው የዲስክ ሕመም ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ወይም በወራት ይሻለዋል፤ አልጋ ላይ መዋል ግን ያጓትተዋል። ሽንት መቆጣጠር ካልተቻለ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ ወይም እግር መሬት ለመሬት ከተጎተተ ወጌሻም ቀጠሮም አይጠበቅም፤ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል መሄድ ነው።